ቀለሙ ሳይለቅ የነጠፈ ምንጭ

አማርኛ ብዙዎቹን ቀለሞች የሚጠራው በእጅ ከሚዳሰስ ነገር ተነሥቶ ነው፤ ቡናማ ከቡና፣ ብርቱካናማ ከብርቱካን፣ ወርቃማ ከወርቅ ይወጣሉ። ሰማያዊ ግን ስሙን ያገኘው ማንም ካልዳሰሰው ሰማይ በመሆኑ፣ ቃሉ ቀለሙ ምን እንደሚመስል እንጂ ከምን እንደሚሠራ አይናገርም። በሌሎች ቋንቋዎች ነገሩ ይለያል። ሳንስክሪት ጥቁር ሰማያዊውን የሚጠራበት «ኒላ» የሚለው ቃል በዐረብኛ አልፎ በፖርቱጋልኛ «አኒል» ሲሆን፣ የቀለሙን፣ የተክሉንና የንግድ ዕቃውን ስም አንድ ላይ ተሸክሞ ተጉዟል፤ «ኢንዲጎ» የሚለው ስም ደግሞ ዕቃው የመጣበትን አገር፣ ሕንድን፣ በግልጽ ይናገራል። ልዩነቱ ለቋንቋ አጥኚዎች ብቻ የሚተው አይደለም፤ ምንጩን ያልያዘ ስም ምንጩ ሲለወጥም ሆነ ሲጠፋ ምንም ምልክት አያሳይምና።

በሰማያዊ ቀለም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ባለፉት አራት መቶ ዓመታት ሰማያዊ ይገኝባቸው የነበሩ ምንጮች ተራ በተራ ሲነጥፉ፣ በዓለም ላይ የሚታየው የሰማያዊ መጠን ግን ያለማቋረጥ ጨምሯል። ስለዚህ ቀለሙን የሚቆጥር ዕድገትን፣ ምንጩን የሚቆጥር ደግሞ ውድቀትን ያገኛል። ይህ ሐተታ የሚቆጥረው ምንጩን፣ ከምንጮቹም ይበልጥ ኢንዲጎን ነው። የሚያቀርበውም ክርክር፣ ውድቀቱ የጀመረው ርካሹ ተፎካካሪ ገበያ በደረሰበት ዕለት ሳይሆን፣ የነባሩ ምንጭ ባለቤቶች ትርፋቸውን በተሻለ ምርት ከማስጠበቅ ይልቅ በሕግና በግዴታ ማስጠበቅ በጀመሩበት ጊዜ ነው የሚል ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ለመነሻ ያህል ከዚህ ደንብ ውጭ የሆነ አንድ ውድቀት ማየት ይጠቅማል። ቀይና ቢጫ አፈር በየተራራው ሥር ሲገኝ ሰማያዊ አፈር የለም ማለት ይቻላል፤ ላፒስ ላዙሊ የተባለው ሰማያዊ ድንጋይም ለጥንቱ ዓለም በዋናነት የሚወጣው ዛሬ አፍጋኒስታን ውስጥ ካለው ከባዳክሻን ተራሮች ነበር። ግብፃውያን ከ4,500 ዓመታት በፊት ገደማ አሸዋ፣ መዳብ፣ ኖራና ጨዋማ አሟሚ ቀላቅለው ከ850 እስከ 1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ እሳት በማጋል የራሳቸውን ሰማያዊ የፈጠሩት በዚህ እጥረት ምክንያት ነው። ሮማውያን ሙያውን ወርሰው እስከ ጣልያን ዳርቻዎች አድርሰውት ነበር፤ የሮም ንግድ ሲፈርስ ግን ማንም ሳይከለክለው፣ ተፎካካሪም ሳይመጣበት፣ አሠራሩ ጠፋ። ሮማዊው ቪትሩቪየስ አሠራሩን በጽሑፍ ትቶ እያለ መጥፋቱ ያስገርማል፤ ነገር ግን በጽሑፉ ውስጥ አሸዋው፣ ጨዋማው አሟሚና መዳቡ ሲዘረዘሩ ኖራው አልተጠቀሰም። ቪትሩቪየስ ያወቀው አሸዋ የባሕር ዳር አሸዋ ከሆነና የዛጎል ኖራ ከነበረበት፣ ሠራተኛው ኖራ እየጨመረ መሆኑን ሳያውቀው ይሠራ ነበር ማለት ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ ቅሪቱን በ1815 እስኪመረምር ድረስ ነገሩ እንቆቅልሽ ሆኖ ቆየ። የቀለም ሙያ ከቦታው አሸዋና ውሃ ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረ፣ በወረቀት ላይ የሰፈረውም ከሙያው ምን ያህሉን እንደማይዝ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የአውሮፓ ሰማያዊ ግን የሞተው በሌላ መንገድ ነው። እንግሊዞች ዎድ፣ ፈረንሳዮች ፓስቴል የሚሉት ቢጫ አበባ ያለው ተክል ቅጠሉ ውስጥ የያዘው ማቅለሚያ ከኢንዲጎ ጋር በኬሚካዊ ይዘቱ ፍጹም አንድ ነው፤ የሚለየው መጠኑ እጅግ በማነሱ ነው። ቅጠሉ ተፈጭቶ፣ በእጅ እየተድቦለቦለ ደርቆ፣ እንደገና ተሰባብሮና ውሃ ተርከፍክፎበት ለሳምንታት ይብላላል። የሚያወጣው ሽታ ከባድ ስለነበረ የእንግሊዝዋ ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት በቤተ መንግሥቶችዋ አቅራቢያ እንዳይሠራ እስከ መከልከል ደርሳለች። ትርፉ ግን ሽታውን የሚያስረሳ ነበር። በደቡብ ፈረንሳይ ቱሉዝ ከተማ ዛሬም ጎብኚዎች የሚያዩት፣ በ1555 ግንባታው የተጀመረው የፒየር ዳሴዛ ቤት የቆመው በዚህ ቅጠል ገንዘብ ነው፤ በጀርመን የኤርፉርት ከተማም ብልጽግናዋን ያገኘችው በዋናነት ከዚሁ ንግድ ነው።

ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 አፍሪካን ዞሮ ሕንድ ከደረሰ በኋላ፣ ቀድሞ በየብስ በጥቂቱና በውድ ይገባ የነበረው የሕንድ ኢንዲጎ በመርከብ መጫን ጀመረ። የአንድ ዓይነት ሞለኪዩል ሁለት ምንጮች ፊት ለፊት ሲገናኙ፣ በአንድ ኪሎ ብዙ እጥፍ የሚያቀልመው እንደሚያሸንፍ ግልጽ ነበር። የአውሮፓ መንግሥታት ምላሽ ግን ፉክክሩን የሚመለከት ሳይሆን ፉክክሩን የሚከለክል ነበር። በ1577 የወጣው የጀርመን ንጉሠ ነገሥታዊ ደንብ መጤውን ማቅለሚያ ጨርቅ የሚበላ የዲያብሎስ ቀለም ብሎ አወገዘ፤ የኑረንበርግ ቀለም ነካሪዎች ላለመጠቀም በየዓመቱ እንዲምሉ ተደረገ፤ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሄንሪ አራተኛም በ1609 ተጠቃሚውን በሞት የሚቀጣ አዋጅ አወጣ። ጨርቅ ይበላል የተባለው ቀለም ከራሳቸው ቅጠል የሚያወጡት ያው ቀለም መሆኑን ያን ጊዜ የሚያውቅ አልነበረም። ክልከላው በፈረንሳይ በ1737 ሲነሣ፣ የፓስቴል እርሻ በከለላው ጊዜ ምንም አላሻሻለም ነበር፤ ዘሩም፣ አፈጫጨቱም፣ አብላሉም አያት እንደተወው ነበር። ዎድ ከዚያ በኋላ የቀረው የኢንዲጎ ገንዳ ውስጥ ብላሎት እንዲያስነሣ እንደ እርሾ በመጨመር ብቻ ሲሆን፣ በእንግሊዝ የመጨረሻዎቹ ወፍጮዎች እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ በዚህ ጡረታ መሰል ሥራ ቆይተው ተዘጉ።

አሸናፊው ኢንዲጎም ቢሆን ከተሸናፊው ስሕተት የተማረ አይመስልም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ምርጡ ኢንዲጎ ይመጣ የነበረው ከአግራ አጠገብ ካለችው ባያናና ከጉጅራቷ ሳርኬጅ ነበር፤ በሁለቱም ቦታዎች ገበሬው ቅጠሉን ከሌሎች ሰብሎች ጋር እያመዛዘነ በገዛ ፈቃዱ የሚዘራው ስለነበረ፣ የጥራት ፉክክር ነበር። ከዚያ በኋላ ምርቱ ወደ አሜሪካ ክፍለ ዓለም ተሻገረ። በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በሳን ዶሚንግ በባሪያዎች ጉልበት ቆሞ በ1791 በተነሣው የባሪያዎች አብዮት ወደቀ፤ በሳውዝ ካሮላይና ከ1748 ጀምሮ በእንግሊዝ መንግሥት ድጎማ ቆሞ አሜሪካ ነጻ ስትወጣና ድጎማው ሲቋረጥ ከሰመ። እነዚህ ሁለት ውድቀቶች በአጭሩ የታለፉት ምክንያታቸው ግልጽ ስለሆነ ነው፤ ድጋፉ ሲወሰድ የተደገፈው ወደቀ። ረዘም ያለ ምርመራ የሚፈልገው ቀጥሎ በሕንድ የመጣው የቤንጋል ሥርዓት ነው።

በቤንጋል የአውሮፓ ተወላጅ ባለ እርሻዎች ኢንዲጎውን በአብዛኛው የሚያስዘሩት በገበሬው ማሳ ላይ ሲሆን፣ የማስገደጃው መሣሪያ ቀብድ ነበር። ገበሬው በዘር ወቅት ቀብድ ይሰጠውና ምርቱን ሲያስረክብ ይቀነስበታል፤ ሒሳቡ ግን ስለማይዘጋ ዕዳው ወደሚቀጥለው ዓመት፣ አንዳንዴም ከአባት ወደ ልጅ ይሸጋገራል። ለዚህ ሐተታ ከግፉ ባልተናነሰ ቁልፍ የሆነው የመለኪያው ነገር ነው። ቅጠሉ የሚከፈልበት በነዶ ሲሆን፣ ነዶው በሰንሰለት ተለክቶ በወገቡ ውፍረት ይቆጠራል እንጂ በውስጡ ያለው ማቅለሚያ አይመዘንም። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ገበሬው ቀለም የሚበዛበትን ቅጠል ለማብቀል የሚገፋፋው አንዳች ምክንያት የለም፤ ባለ እርሻውም ጥሬ ዕቃውን ከዋጋው በታች ስለሚያገኝ ዘር ለማሻሻልም ሆነ የገንዳውን ብክነት ለመቀነስ የሚያስጨንቀው ነገር የለም። ግዴታ ለባለቤቱ የሚሰጠው ትርፍ ዕውቀትን ሥራ ፈት ያደርጋል።

ገበሬዎቹ በ1859 መዝራት እምቢ ብለው ተነሡ። መንግሥት በ1860 ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ማስገደዱ እውነት መሆኑን አረጋገጠ፤ በዚያው ዓመት የወጣውን፣ ግፉን የሚያሳየውን የዲናባንዱ ሚትራ «ኒል ዳርፓን» ተውኔት በእንግሊዝኛ ያሳተመው ሚስዮናዊ ጄምስ ሎንግም በ1861 ታስሮ የገንዘብ መቀጮ ተፈረደበት። ኢንዱስትሪው ከዚህ የወሰደው ትምህርት ሥርዓቱን መለወጥ ሳይሆን ሥርዓቱን ይዞ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቢሃር፣ መሰደድ ነበር። በቢሃር ቻምፓራን ወረዳ የተዘረጋው «ቲንካቲያ» የተባለው ደንብ ጭሰኛው ከያንዳንዱ 20 ካታ መሬቱ 3ቱን ለኢንዲጎ እንዲያውል ያስገድድ ነበር። እርቦና ሲሶ ሲከፍል ለኖረ የኢትዮጵያ ጭሰኛ ይህ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን እርቦ የሚወሰደው ከደረሰው እህል ሲሆን፣ ቲንካቲያ የሚወስደው እህሉ ሊዘራበት የሚችለውን ምርጥ መሬትና ጉልበት ነበር።

ሌላው ወገን በዚህ ጊዜ ምን ይሠራ እንደነበር ማነጻጸር ያስፈልጋል። አዶልፍ ፎን ባየር የኢንዲጎን ምርምር የጀመረው በ1865፣ ማለትም ከቤንጋሉ ዐመፅ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ነው። በ1880 በቤተ ሙከራ ሠርቶ የፈጠራ ባለቤትነት አስመዘገበ፤ በ1883 የሞለኪዩሉን አወቃቀር ወሰነ። አሠራሩ ለገበያ እጅግ ውድ ስለነበረ ባስፍ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ወደ 18 ሚሊዮን የወርቅ ማርክ አፍስሶ ለ17 ዓመታት ያህል ደከመበት። በ1890 ካርል ሆይማን ዙሪክ ላይ አዲስ መንገድ አገኘ፤ ናፍታሊንን ወደሚፈለገው አሲድ የሚቀይረውን ምላሽ የሚያፋጥን ንጥረ ነገር ጠፍቶ ሳለም አንድ ቴርሞሜትር ተሰብሮ ሜርኩሪው በመፍሰሱ መልሱ ተገኘ ይባላል። በ1897 «ንጹሕ ኢንዲጎ» በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። በቃላቱ ታሪክ ውስጥም አንድ ምፀት አለ፤ ኬሚስቶች ቀደም ሲል በ1840 ገደማ ኢንዲጎን ከብርቱ አልካሊ ጋር አንጥረው ያገኙትን ፈሳሽ ከ«አኒል» ተነሥተው «አኒሊን» ብለውት ነበር፤ ዛሬ ሰው ሠራሹ ኢንዲጎ የሚሠራው ከዚሁ ከአኒሊን ነው። ልጁ የአባቱን ስም ይዞ አባቱን ተካ።

የውድቀቱ አኃዝ እንዲህ ነው። በ1897 ኢንዲጎ ሰጪ ተክሎች የተዘሩበት መሬት፣ አብዛኛው በሕንድ፣ ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የዓለም የተፈጥሮ ኢንዲጎ ምርትም ወደ 19,000 ቶን ይገመት ነበር፤ በ1914 የተፈጥሮው ምርት ወደ 1,000 ቶን ወርዷል። በ17 ዓመት ውስጥ ከ19 እጅ 18ቱ ጠፋ ማለት ነው። ምክንያቱን በዋጋ ብቻ መተርጎም ግን ያሳስታል። የተፈጥሮው ኢንዲጎ የያዘው ንጥር ማቅለሚያ ከሣጥን ሣጥን የሚለያይ ሆኖ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ብዙም የማይርቅ ሲሆን፣ የፋብሪካው ከ97 በመቶ በላይ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የዛሬው ከነገው አይለይም ነበር። ሺህ ሜትር ጨርቅ በአንድ መልክ ማቅለም ያለበት የማንቸስተር ፋብሪካ የሚገዛው ሰማያዊነትን ሳይሆን አለመለዋወጥን ነበር፤ የቢሃር ገንዳ ደግሞ ሊሰጠው ያልቻለው ይህንኑ ነው።

ባለ እርሻዎቹ ወደ ሳይንስ የዞሩት ከዚያ በኋላ ነው። ኬሚስት ቀጠሩ፣ የምርምር ጣቢያ ተከሉ፣ የገንዳውን ብላሎትና የማማታቱን ሥራ መለካት ጀመሩ፤ ያገኙትም ውጤት ከፍተኛ ብክነት እንደነበረ የሚያሳይ ነበር። ዋናው ተስፋቸው «ኢንዲጎፌራ አሬክታ» የተባለ፣ ከሕንዱ ተክል ይበልጥ ቀለም የሚሰጥ የአፍሪካ ዝርያ ሲሆን፣ ዘሩ ከደቡብ አፍሪካዋ ናታል ወደ ጃቫ፣ ከጃቫም ወደ ቢሃር ተወሰደ። ይህ ተክል በኢትዮጵያም የበቀለ አገር በቀል ነው፤ ቤንጋል በደካማ ዘር ሲደክም በኖረበት ክፍለ ዘመን የተሻለው ዘር ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ በሜዳ ላይ ነበር ማለት ነው። ሊፈለግ ይችል የነበረው በ1830ዎቹ ወይም በ1860ዎቹ ነው፤ የተፈለገው ግን ባስፍ ገበያውን ከያዘ በኋላ በመሆኑ፣ አዲሱ ዘር በቢሃር መሬት በበሽታ ሲጠቃ ለሁለተኛ ሙከራ የሚበቃ ጊዜም ገንዘብም አልቀረም።

የቀረው ኪሳራውን ማስተላለፍ ነበር። በቻምፓራን ባለ እርሻዎቹ ኢንዲጎ እንደማያዋጣ ሲገባቸው ጭሰኞቹን ከመዝራት ግዴታ «ነጻ» አወጧቸው፤ በምትኩ ግን ወይ የመሬት ኪራይ ጭማሪ፣ «ሻራህቤሺ»፣ ወይ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ካሳ፣ «ታዋን»፣ ጠየቁ። ገበሬው ሰብሉ ሲያዋጣ በግዴታ እንዲዘራ፣ ማዋጣቱን ሲያቆም ደግሞ ባለመዝራቱ እንዲከፍል ተደረገ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንን ማቅለሚያ ከገበያ ሲያግድ ዋጋው አንሠራራ፤ ይህም ለጥቂት ዓመታት ማሳውን አሰፋው እንጂ አሠራሩን አልለወጠውም። ጋንዲ በሚያዝያ 1917 ቻምፓራን ሲደርስ ያገኘው ቅሬታ የሞተ ኢንዱስትሪ ውዝፍ ዕዳ ነበር ማለት ይቻላል። በ1918 የወጣው የቻምፓራን የግብርና ሕግ ቲንካቲያን ሻረ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ የጀርመኑ ምርት ተመለሰ፤ የሕንድ ኢንዲጎም ተመልሶ አልቆመም።

የተቃራኒው ክርክር ጠንካራ መልክ ይህ ነው፦ ባለ እርሻዎቹ ቀድመው ቢነቁም እንኳ ቅጠል ፋብሪካን ሊያሸንፍ አይችልም ነበርና፣ የውስጥ ድክመታቸው ውድቀቱን ቢያፋጥነው እንጂ አላመጣውም። በገበያው ስፋት ደረጃ ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ማነስና መጥፋት አንድ አይደሉም። በጃፓን ቶኩሺማ የኢንዲጎ ቅጠል አብላይ ቤተሰቦች ከ1903 ገደማ አንሥቶ ማሳቸው ከ15,000 ሄክታር እየተሸራረፈ በ1960ዎቹ ወደ ጥቂት ሄክታር ቢወርድም ሙያው አልተቋረጠም፤ ምክንያቱም ዕውቀቱ በአብላዩ እጅና በመሬቱ ባለቤት ቤት ውስጥ ነበር። ደረቁ ቅጠል ወደ 100 ቀናት ያህል ውሃ እየጠጣና እየተገለበጠ ሲብላላ፣ አብላዩ የክምሩን ደረጃ የሚያውቀው በጠረኑና በሙቀቱ ነው። በናይጄሪያ ካኖ ከተማም በ1498 ተቆፈሩ የሚባሉት የኮፋር ማታ ማቅለሚያ ጉድጓዶች ብዙዎቹ ሥራ ቢፈቱም ጥቂቶቹ ዛሬም አመድና ኢንዲጎ ይብላላባቸዋል። በቢሃር ግን ቅጠሉን የሚያበቅለው ስለ ገንዳው፣ የገንዳው ባለቤት ስለ ማሳው ሳያውቅ ስለኖሩ፣ ባለ እርሻው ሲሄድ ሙያውን ሙሉ በሙሉ የያዘ አንድም ወገን አልቀረም። ለገበሬው ኢንዲጎ ሊያድነው የሚገባ ውርስ ሳይሆን በመገላገሉ የተደሰተበት ሸክም ነበር፤ በዚህም ማንም ሊፈርድበት አይችልም።

የአሸናፊው ታሪክም ገና አልተዘጋም። ዛሬ በዓመት በአሥር ሺዎች ቶን የሚመረተው ሰው ሠራሽ ኢንዲጎ ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚውለው ለጂንስ ሲሆን፣ አንድ ሱሪ የሚፈጀው ከ3 እስከ 12 ግራም ያህል ነው። ጂንሱ እያደር የሚለቀው ኢንዲጎ ወደ ክሩ ልብ ሳይዘልቅ በላዩ ላይ ስለሚቀመጥ ነው፤ በጨርቅ ነካሪዎች ዘንድ እንደ ጉድለት የሚቆጠረው ጠባይ ብቸኛ የገበያ ዋስትናው ሆኗል። ሌላውን ሰማያዊ ጨርቅ ሁሉ ይበልጥ ጽኑ የሆኑ ሌሎች የኬሚካል ማቅለሚያዎች ወስደውታል። ኢንዲጎን የሚያሟሟው ሶዲየም ዳይቲዮናይት በሚተወው የሰልፌት ቅሪት ፍሳሹን ስለሚበክል፣ የአካባቢ ሕግ ሲጠብቅ የአውሮፓ ማምረቻ ወጪ ከፍ አለ፤ ሥራውም ወደ እስያ ሸሸ። ባስፍ ራሱ የጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ዘርፉን በ2000 ወደ ዳይስታር ኩባንያ አዛወረ፤ ዳይስታር በ2009 ለመክሰር አመለከተ፤ በ2010ም የቻይናው ሎንግሸንግና የሕንዱ ኪሪ ኩባንያዎች ያዙት። ኪሪ የተመሠረተው በአሕመዳባድ ነው፤ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነጋዴዎች ኢንዲጎ ሊጭኑ ይሄዱባት የነበረችው ሳርኬጅ ዛሬ የዚያች ከተማ አንድ ሰፈር ናት። የማቅለሚያው ንግድ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ዞሮ የተነሣበት ደጃፍ ደርሷል፤ የሚጫነው ግን ከቅጠል የወጣ አይደለም።